ከጡት ካንሰር በኋላ የማይለቅ ድካም፦ ሥር የሰደደ ብግነት ምንድን ነው?

የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ከተመለሱ ሴቶች ብዙዎቹ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ድካሙ አልለቀቀኝም።» ኬሞው ካለቀ ወራት አልፈዋል። ፀጉር በቅሏል። የምግብ ፍላጎት ተመልሷል። ጎረቤት «እሰይ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብሎ ጠይቆ ሄዷል። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝታም ጠዋት እንዳልተኛ ሰው ዝላ ትነሳለች። ሊጥ ለማቡካት ትጀምርና ግማሽ ላይ ትቀመጣለች። ልብስ ለማስጣት ክንዷን ስታነሳ ጉልበቷም አብሮ ይከዳታል። የጀመረችው ወሬ መሃል ላይ ይጠፋባታል።

ቤት ያለው ሰው ይህን አይቶ «ሐሳብ አብዝታ ነው» ይላል። ሲብስም «መተኛት ለምዳ ነው» ይላል። ይህ አባባል በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ድካሙ ከሰውነት ውስጥ የሚነሳ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠራቀም ቆይቷል። በዚህ ማስረጃ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ሥር የሰደደ ብግነት ነው። በሆስፒታል ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን ሲሉ የምንሰማው ማለት ነው።

ብግነት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው እየተጣደፉ ነው። እርስ በርስ የሚጠራሩትም ሳይቶካይን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ነው። ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ቲ.ኤን.ኤፍ. ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ጀርሙ ሲጠፋና ቁስሉ ሲጠግግ ጥሪው ይቆማል። ብግነቱ በቀናት ውስጥ ይበርዳል።

ሥር የሰደደ ብግነት የምንለው ይህ ጥሪ ሳይቆም ሲቀር ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ነበልባል የለውም፣ ሙቀቱ ግን አለ። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ የሚታይ እብጠትም ላይኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍንጭ የሚሰጠው የደም ምርመራ ነው። ብግነት ሲኖር ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ሲ.አር.ፒ. የሚባል ነገር በብዛት ያመርታል። በሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብ፣ ሲጋራ፣ ያልታከመ ኢንፌክሽን፣ እንደ ሪህ ያሉ የመገጣጠሚያ በሽታዎች፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የረጅም ጊዜ ጭንቀትና ዕድሜ ራሱ ይህን ደረጃ ከፍ ያደርጉታል።

ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ጥርጣሬ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በ1863 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን አይቶ ካንሰር ከብግነት ቦታ ሊነሳ ይችላል ብሎ ነበር። በ1986 አሜሪካዊው ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢን «የማይድን ቁስል» ሲል ገለጸው። ለአንዳንድ ካንሰሮች ነገሩ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን፣ ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ለዓመታት እያስቆጡ ወደ ካንሰር ሊያደርሱ ይችላሉ።

የጡት ካንሰር ግን እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። በደንብ ከተጠናው መንገድ አንዱ በስብ በኩል ያልፋል። ጡት በአብዛኛው ስብ ነው። ውፍረት ሲጨምር የስብ ሴሎች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። የሞተውን ሴል ሊያጸዱ የመጡ ማክሮፌጅ የሚባሉ ነጭ ሴሎች ዙሪያውን ይከቡታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሃሉ ባዶ የሆነ ክብ አክሊል ይመስላል፤ ተመራማሪዎችም በዚሁ መልኩ ነው የሚጠሩት። እነዚህ ሴሎች የሚለቁት ሳይቶካይን በአካባቢው ያለውን አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያነቃቃዋል። አሮማቴዝ ደግሞ ኢስትሮጅን ይሠራል። አብዛኛው የጡት ካንሰር በኢስትሮጅን የሚያድግ ነው። ለዚህ ነው የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ ውፍረት ያላቸው ሴቶች አደጋቸው ከፍ የሚለው።

ይህን ወደ አገራችን ሲያመጡት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ከሚታከሙት የጡት ካንሰር ሕሙማን ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የወር አበባ ገና ላልተቋረጠባት ሴት የስቡ ታሪክ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሠራም። ስለዚህ «ወፍረሽ ነው የታመምሽው» ብሎ በሰው ላይ መፍረድ ትክክል አይደለም። ደግነትም የለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይ፤ ስለሚምታታ። «ብግነታዊ የጡት ካንሰር» የሚባል ለብቻው የቆመ በሽታ አለ። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን በፍጥነት ይስፋፋል። ጡት በድንገት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። መቅላቱ የሚመጣው የካንሰር ሴሎች በቆዳው ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቱቦዎች ስለሚዘጉ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ላይ እንደ ተራ የጡት ኢንፌክሽን ሊታይ ይችላል። አንቲባዮቲክ ወስዳ ካልተሻላት ቶሎ ተመልሳ መታየት አለባት። ይህ ጽሑፍ ስለሱ አይደለም፣ ሳልጠቅሰው ግን ማለፍ አልፈለግሁም።

ወደ ድካሙ እንመለስ። ጉንፋን ጠንከር ብሎ ሲይዘን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ሰውነት ይቆረጣጠማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሰው ማየት ያስጠላል፣ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ብቻ ያሰኛል። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን የእኛው ሳይቶካይን ነው። በደም ተጉዞ፣ እንዲሁም ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል፣ አንጎልን «አርፈህ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን ለመዳን አውለው» ይለዋል። በ1988 ቤንጃሚን ሃርት የተባለ የእንስሳት ሐኪም የታመሙ እንስሳት ጥግ ይዘው መተኛታቸው ለመዳን የሚጠቅም የሰውነት ስልት እንደሆነ ጽፎ አስረዳ። ስልቱ ለሳምንት ጥሩ ነው። ለሦስት ዓመት ከቀጠለ ግን ሕይወት ይቆማል።

ከጡት ካንሰር በኋላም የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ቀዶ ሕክምናው ሥጋ ይቆርጣል። ኬሞና ጨረር የካንሰር ሴሎችን ሲገድሉ ጤነኛውንም ይጎዳሉ። ሰውነት ለዚህ ሁሉ በብግነት ይመልሳል። በሕክምናው ወቅት ድካም ያልነካት ሴት ብትኖር ጥቂት ናት። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፤ በብዙዎቹ ይበርዳል፣ በአንዳንዶቹ ግን አይበርድም።

ይህን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉት በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጁልየን ባወርና ፓትሪሺያ ጋንዝ ናቸው። በ2000 ባወጡት ጥናት 1,957 ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶችን ጠይቀው አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከባድ ድካም እንዳለባቸው አገኙ። ቀጥለው በ2002 ትንሽ ግን ወሳኝ ነገር ሠሩ። ሃያ የደከሙና ሃያ ያልደከሙ ሴቶችን ደም አወዳደሩ። ሁሉም ሕክምና ከጨረሱ ቆይተዋል፣ ካንሰርም የለባቸውም። የደከሙት ደም ውስጥ ግን የሳይቶካይን እንቅስቃሴን የሚያሳዩ ምልክቶች ከፍ ብለው ተገኙ። ብግነትን የሚያበርደው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር። በ2012 ሌላ የአሜሪካ ቡድን 633 ሴቶችን አይቶ ሲ.አር.ፒ. ከፍ ያለባቸው ሴቶች የመድከም ዕድላቸው ዝቅተኛ ከሆነባቸው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳየ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ከካንሰር ውጭ የመጣው ማስረጃ ነው። ቀድሞ ለሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ይሰጥ ነበር። ኢንተርፌሮን ራሱ ሳይቶካይን ነው። መርፌውን የሚወስዱ ብዙዎቹ ሰዎች በሚያስደነግጥ ድካም ይወድቁ ነበር። ይህን ያየ ሰው የእነዚያን ሴቶች ድካም «የሐሳብ ነው» ለማለት ይከብደዋል።

ሆኖም ርዕሱ ላይ «ብግነት ድካምን ያመጣል» ብዬ በድፍረት ያልጻፍኩት በምክንያት ነው። አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን አምጥቷል ማለት አይደለም። የምትደክም ሴት ትተኛለች፣ እንቅስቃሴ ትቀንሳለች፣ ክብደት ትጨምራለች፤ ይህ ራሱ ብግነትን ከፍ ያደርጋል። ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ሁለቱንም ያባብሳሉ። ሲ.አር.ፒ. ከፍ ብሎባት ደህና የምትውል ሴት አለች፤ ምርመራዋ ንጹህ ሆኖ ደረጃ መውጣት የሚያቅታትም አለች። ስለዚህ ሲ.አር.ፒ. ዝቅ ያለባትን ሴት «ምንም የለብሽም» ብሎ መመለስ ስህተት ነው።

ብግነቱን ከመጠርጠር በፊት ደግሞ በቀላሉ የሚታከሙ ነገሮች አሉ። ደም ማነስ ቀዳሚው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን መቀነስ ሰውን ከሥሩ ያደክማል፣ በደም ምርመራም ይታወቃል። የኢስትሮጅንን ሥራ የሚያግደው የጡት ካንሰር ክኒን ታሞክሲፈን ሌሊት ሌሊት የሚያመጣው ሙቀትና ላብ እንቅልፍ ይነሳል። ያልታከመ ሕመም አለ፣ ድብርት አለ። ልብም አለ፤ ቀይ ቀለም ያለው የኬሞ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲንና ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የልብን ጡንቻ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከድካሙ ጋር ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ጋደም ሲሉ መታፈን ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ብግነት ከሆነ የብግነት መድኃኒት ለምን አይሰጥም? ይህ ጥያቄ ተሞክሯል፣ ቢያንስ ለካንሰሩ። በአሜሪካና በካናዳ ከ3,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በየቀኑ 300 ሚሊግራም አስፕሪን፣ ገሚሶቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። አስፕሪኑ ካንሰሩ እንዳይመለስ አልረዳም፤ ውጤቱ በ2024 ታትሟል። ለድካሙም እስካሁን በመደበኛነት የሚታዘዝ የብግነት ክኒን የለም። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ ኩላሊትና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። በቲክቶክና በቴሌግራም «ኢንፍላሜሽን የሚያጠፋ» እየተባለ የሚሸጠውንም ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ አይገባም። እርድ ወጥ ውስጥ ምንም አይልም። በካፕሱል ተጨምቆ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከታሞክሲፈን ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ለሐኪም ሳይነግሩ አይወሰድም።

የሚሠራው ነገር ሰው ሲሰማው መጀመሪያ የሚያናድድ ነው፦ መንቀሳቀስ። በ2017 አንድ ቡድን 113 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያወዳድር ለካንሰር ድካም የሰውነት እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ከመድኃኒት በልጠው ተገኙ። በ2014 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 200 ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶችን ወስደው ለገሚሶቹ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ ዮጋ አስተማሩ። ትምህርቱ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ የዮጋዎቹ ድካም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ደማቸው ውስጥ ያለው ኢንተርሉኪን-6 እና ቲ.ኤን.ኤፍ.ም ቀንሶ ተገኘ። ድካሙና ብግነቱ አብረው ወረዱ ማለት ነው።

ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ማንም ግን ከዚያ አይጀምርም። አምስት ደቂቃ እስከ ሰፈሩ ሱቅና መልስ በቂ መነሻ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይቻላል። አጥንቷ ላይ ካንሰር የደረሰባት፣ ልቧ የተነካ ወይም ደሟ በጣም የወረደ ሴት ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።

እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የታመመ ሰው ማስታመም የምናውቅ ሰዎች ነን። ገንፎው፣ የሥጋ መረቁ፣ «አንቺ አትነሺ፣ እኛ እንሠራዋለን» የሚለው ሁሉ ከፍቅር ነው። ከኬሞ በኋላ ባሉት ቀናት በጣም ያስፈልጋል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ሙሉ በሙሉ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፣ ድካሙን ይጨምራል። ከባዱን ሥራ ተቀብሎ ቀላሉን ለእሷ መተው ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ አመሻሽ ላይ «ተነሽ፣ አብረን ወክ እናድርግ» ብሎ ይዟት የሚወጣ ሰው ነው።

ሐኪም ጋ ሲቀርቡ «ይደክመኛል» ብቻ ብሎ መውጣት በወረፋ ብዛት ይዋጣል። ድካሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መንገር ይረዳል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መመርመር እንዳለበት የሕክምና መመሪያዎች ይናገራሉ። መቼ እንደጀመረ፣ በቀኑ የትኛው ሰዓት እንደሚብስና ምን ማድረግ እንደከለከለዎት ጨምረው ይንገሩ። ከዚያ ሂሞግሎቢን (ደም ማነስን የሚያሳየው ምርመራ) እና ታይሮይድ እንዲታዩልዎት ይጠይቁ።