«ዳውን» ኮረብታም ነው፦ የእንግሊዝኛ የከፍታና የዝቅታ ቃላት

በደቡብ እንግሊዝ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሳውዝ ዳውንስ የሚባል አካባቢ አለ። ስሙን የሰማ ሰው ረባዳ መሬት ይጠብቃል። «ዳውን» ማለት «ታች» እንደሆነ ገና ኤቢሲዲ ስንቆጥር ተምረናላ። ሄደው ሲያዩት ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ዳውንስ ኮረብቶች ናቸው። ሣሩን በግ ሲግጠው ስለኖረ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ትንሽ ፈንቀል ቢያደርጉት ከሥሩ እንደ ጠመኔ ነጭ ድንጋይ ብቅ ይላል። ከኮረብቶቹ አንዱ ዲችሊንግ ቢከን 248 ሜትር ይደርሳል።

ታዲያ ኮረብታ እንዴት «ታች» ተባለ? በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዱን» ማለት ኮረብታ ነበር። ቁልቁል ስለመውረድ ሲወራ «ኦፍ ዱኔ» ይባላል፤ «ከኮረብታው» እንደማለት ነው። ሐረጉ ከአፍ አፍ ሲሄድ ተሸራርፎ «አዱኔ» ሆነ። በኋላ የፊቱ ድምፅ ወደቀና ዛሬ የምናውቀው «ዳውን» ቀረ። ኮረብታውም ስሙን አልለቀቀም።

ይኸው ቃል በከተሞች ስም ውስጥም አለ። በቴኒስ የምናውቀው ዊምብልደን መጨረሻው ይኸው «ዱን» ነው። ስዊንደን ደግሞ የዐሳማ ኮረብታ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንደ ዊምብልደን በደቡብ ለንደን የሚገኘው ክሮይደን መጨረሻው ተመሳሳይ ይመስላል፤ ግን «ዴኑ» ከሚል ሌላ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሸለቆ ነው። አብዛኞቹ የቦታ ስም አጥኚዎች «የሻፍራን ሸለቆ» ብለው ይፈቱታል፤ ሻፍራን የቅመም ዓይነት ነው። ኮረብታውና ሸለቆው ጎረቤት ሆነው በአንድ ድምፅ ይጠራሉ።

የእንግሊዝኛ የከፍታ ቃላት ለምን እንዲህ በዙ ቢባል፣ መልሱ ያለው በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ነው። የመጣው ሕዝብ ሁሉ ቃሉን ጥሎ ሄዷል። «ሂል» እና «ዴል» የጥንት እንግሊዞች ናቸው፤ አንዱ ኮረብታ፣ ሌላው ሸለቆ። ከስካንዲኔቪያ የመጡት በሰሜን በኩል ተራራውን «ፌል» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች ሲገቡ ደግሞ «ማውንቴን» እና «ቫሊ» በፈረንሳይኛ በኩል መጡ። ጌሊክ የሚባለው የስኮትላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ደግሞ «ቤን» ለተራራ፣ «ግሌን» ለጠባብ ሸለቆ፣ «ስትራዝ» ለሰፊ ሸለቆ አለው። እኔን በጣም የሚገርመኝ በላንክሻየር ያለው ፔንድል ሂል ነው። «ፔን» ከእንግሊዞች በፊት እዚያ በኖሩት በኬልቶች ቋንቋ ኮረብታ ነው። ትርጉሙን የማያውቁ እንግሊዞች «ሂል» ጨመሩበት፣ ሁለቱ ተጣብቀው «ፔንድል» ሆኑ። ከዘመናት በኋላ የመጡት ደግሞ እንደገና «ሂል» አሉት። ኮረብታ ኮረብታ ኮረብታ ማለት ነው።

ሂል የሚያበቃውና ማውንቴን የሚጀምረው የት ላይ ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የእንግሊዝና የዌልስ የገጠር መሬት ሕግ ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር በላይ የሆነን መሬት በማውንቴን ውስጥ ያካትታል። በዚህ ልክ ብንሄድ አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ተራራ ልትሆን ነው።

ለተርጓሚ ከባዱ ነገር ይኸው ነው። መዝገበ ቃላት «ሃይላንድ» ለሚለው «ደጋ»፣ «ሎውላንድ» ለሚለው «ቆላ» ይላል። አይገጥምም። የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። በእኛ አቆጣጠር እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ያለው ቆላ ነውና ቤን ኔቪስ ከነጫፉ ቆላ ሊባል ነው። ግን በረዶው እስከ ሐምሌ ሳይቀልጥ የሚቆይበት ዓመት አለ። የእንግሊዝኛው ቃል የሚናገረው ስለ መሬቱ ቅርፅና ቁመት ነው። ደጋ ስንል ግን ብርዱን፣ ገብሱን፣ ጋቢውን ጭምር ነው። ስለዚህ የስኮትላንዱን ሃይላንድስ «ደጋ» ከማለት «ተራራማው ሰሜን» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። «ሃይላንድ» ብሎ መተውም አንባቢን ያደናግራል፤ እኛ ሰፈር ሃይላንድ የውኃ ፕላስቲክ ነው።

አማርኛ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። እንግሊዝኛ «ስሎፕ» ሲል የቆመውን መሬት ብቻ ያያል። እኛ ግን ከታች ለሚመጣው ዳገት፣ ከላይ ለሚመጣው ቁልቁለት እንለዋለን። መሬቱ አንድ ነው፣ የሚለየው መንገደኛው ነው። እንግሊዝኛ እዚህ የሚደርሰው «አፕሂል» እና «ዳውንሂል» ሲል ነው። «አፕሂል» እንደኛው «ዳገት ሆነብኝ» ነው፤ ችግር የለውም። «ዳውንሂል» ግን ሁለት ፊት አለው። ጤናው «ዳውንሂል ሄደ» ከተባለ አሽቆለቆለ ማለት ነው። ከባዱ ሥራ አልቆ «ከእንግዲህ ዳውንሂል ነው» ከተባለ ደግሞ የቀረው ቀላል ነው። ሲተረጎም ከፊትና ከኋላ ያለውን ሳያነቡ መወሰን አይቻልም።

አንዳንዴ ላይና ታች ከመሬቱ ጋር ጭራሽ አይገናኙም። በብሪታንያ የባቡር መስመር ወደ ለንደን የሚወስደው ሐዲድ «አፕ»፣ ከለንደን የሚወጣው «ዳውን» ይባላል። ባቡሩ ከስኮትላንድ ተራሮች ቢወርድም ወደ ላይ ሄደ ነው የሚባለው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ግን ስማቸው ከከፍታቸው ጋር ይሄዳል።

«ሃይ ግራውንድ» የሚለውን ወታደሮቻችን ጥሩ አድርገው ተርጉመውታል፦ ገዢ መሬት። ከፍታውን ትተው ጥቅሙን ያዙ። በክርክር ሲነሳ ደግሞ የሞራል ልዕልና ይባላል።

ቃል የሰጠንበትም ጊዜ አለ። አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል ለሆነ ተራራ እንግሊዝኛ «ሜሳ» የሚል ቃል ከስፓንኛ ወስዷል፤ ጠረጴዛ ማለት ነው። የእኛን አገር ተራራ ሲያነሱ ግን ብዙ ጸሐፊዎች ሜሳ አይሉም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር የወጣበትን መቅደላን ጨምሮ፣ «አምባ» ብለው በራሳቸው ፊደል ይጽፉታል።