22 ካሊበር ምንድን ነው? ለዒላማ ልምምድ በአነስተኛ ወጪ የሚሆን ሽጉጥ አመራረጥ

በድሬዳዋም በሐረርም ሽጉጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚታሰበው ማካሮቭ ወይም ስታር ነው፤ ወገብ ላይ የሚታጠቁት፣ ለጥበቃ የሚያዝ። የዒላማ ሽጉጥ ሌላ ዕቃ ነው። ሥራው ወረቀት መብሳት ብቻ ነው፤ ያንኑ አንድ ቀዳዳ ደጋግሞ መብሳት። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት የሚተኮሰው ጥይት ትንሹ 22 ኤል አር (ሎንግ ራይፍል) ነው፤ በአፍ ሲነገር «ሃያ ሁለት» ይባላል።

ካሊበር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው። 22 ሲባል 0.22 ኢንች ማለት ነው፤ በሚሊ ሜትር 5.6 ገደማ። እርሳሱ አብዛኛውን ጊዜ 40 ግሬይን ይመዝናል፤ 2.6 ግራም መሆኑ ነው። የማካሮቭ እርሳስ 6 ግራም ገደማ ስለሆነ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። 22 ኤል አር በ1887 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ቅርጹ አልተለወጠም። ከሽጉጥ ሲተኮስ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ እጅን የሚመታበት ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ጀማሪን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ደግሞ ይኸው የእጅ ምት ነው። ሰው ድምፁንና ምቱን ፈርቶ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንጓውን ወደ ታች ይጥላል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ያርፋል። በ9 ሚሊ ሜትር የጀመረ ሰው ይህን ልማድ ይዞ ይቀራል፤ በ22 የጀመረ ግን ስህተቱን አይቶ ለማረም ጊዜ ያገኛል።

ሌላው ልዩነት ከቀለሁ ግርጌ ነው። በማካሮቭ ጥይት ግርጌ መሃል ላይ ክብ ማቀጣጠያ አለ፤ መርፌው እዚያ ይመታል። የ22 ማቀጣጠያ ግን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፤ መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ነው የሚያቀጣጥለው። ርካሽ ያደረገው ይህ አሠራር ነው፤ ችግሮቹም የሚመጡት ከዚሁ ነው። ማቀጣጠያው ዙሪያውን እኩል ካልተዳረሰ መርፌው የመታበት ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጥይቱ አይፈነዳም። የተተኮሰውን ቀለህ እንደገና መሙላትም አይቻልም።

ሲገዙ «ሃያ ሁለት» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። 22 ሾርት የሚባል አጭር፣ 22 ማግነም የሚባል ደግሞ ረዘምና ወፈር ያለ ጥይት አለ፤ ማግነሙ በኤል አር ሽጉጥ ውስጥ አይገባም። ለኤል አር በተሠራ አውቶማቲክ ሽጉጥ ሾርት ቢገባ እንኳ ከላይ የሚንሸራተተውን የሽጉጡን ሽፋን ወደ ኋላ ለመግፋት ኃይሉ አይበቃም። በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውንና በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አስተያይቶ ማንበብ ግዴታ ነው።

ፈቃድ ከምርጫ ይቀድማል

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥም ሆነ ከውጭ ማስገባት ወንጀል ነው። «ለስፖርት ነው» ማለት በራሱ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል የሚለው አይደለም፤ በስሜ ምን ዓይነት መሣሪያ ይፈቀድልኛል፣ የት እተኩሳለሁ፣ ጥይቱንስ በሕጋዊ መንገድ ከየት አገኛለሁ የሚለው ነው። ይህ ለፖሊስ ቀርቦ፣ መልሱ በጽሑፍ ተይዞ ነው ስለ ዋጋ መነጋገር የሚገባው። የአየር ሽጉጥም ቢሆን «መጫወቻ ነው» ተብሎ በጉምሩክ ወይም በኬላ መታለፉን ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ እሱም ይጠየቅ።

ድሬዳዋ የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ በየጊዜው ለጆሮ የሚመጣ «ርካሽ የቱርክ ሽጉጥ» አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሠሩ ለድምፅ ብቻ የታሰቡ፣ በኋላ እርሳስ እንዲተኩሱ የተቀየሩ ናቸው። የድምፅ ሽጉጥ አካሉ በአብዛኛው ለስላሳ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም፣ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወንጀልነቱ ቀርቶ በጣት ዋጋ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት

ሽጉጥ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን ሁልጊዜ። የ22 ትንሹ ካርቶን 50 ጥይት ይይዛል፤ አሥር ካርቶን ሲታሸግ 500 ይሆናል። በነፃ በሚሸጥባቸው አገሮች በአንድ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ዋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የ22 ጥይት ይገኛል። የውድድሩ ሥርዓትም ስንት እንደሚያስፈልግ ያሳያል፦ በኦሊምፒክ የሴቶች 25 ሜትር ሽጉጥ ማጣሪያ 60 ጥይት ነው፤ 30 በዝግታ፣ 30 በፍጥነት። በሳምንት አንድ ቀን ይህን ያህል የሚለማመድ ሰው በዓመት ከ3,000 በላይ ጥይት ይተኩሳል። የሽጉጡን ዋጋ ለማሳነስ ብዙ የሚጨነቅ ገዢ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ቢሠራ ይሻላል፤ ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት የማይችል ሰው የሽጉጡ ርካሽነት አይጠቅመውም።

ርካሽ ሽጉጥ ሲመረጥ ሊረሳ የማይገባው

ትልቁ ነገር ከፊት ማነጣጠሪያ እስከ ኋላ ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት ነው። ከ25 ሜትር ሲተኮስ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ቢዛባ ጥይቱ ምን ያህል ይርቃል? በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ 17 ከሆነ ወደ 15፣ 10 ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር። በ25 ሜትር የትክክለኛነት ዒላማ ላይ የ10 ነጥብ ክብ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የ1 ነጥብ ክብ ደግሞ 50። ስለዚህ በረጅሙ ሽጉጥ ያቺው 1 ሚሊ ሜትር 6 ነጥብ ታስገኛለች፤ በአጭሩ ግን ከመጨረሻው ክብ ጠርዝ ላይ ትጥላለች። ሰው ያው፣ እጅ ያው፣ ስህተቱም ያው ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ ለዒላማ የማትሆነው ለዚህ ነው። አፈሙዙ 5 ኢንችና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ12.7 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ይመረጥ። የኋላ ማነጣጠሪያውም በብሎን ወደ ግራ ቀኝና ወደ ላይ ታች የሚስተካከል ይሁን፤ ያልተስተካከለ ቋሚ ማነጣጠሪያ ጥይቱን ሁልጊዜ አንድ ጎን ይጥላል፣ ተኳሹም ጥፋቱ የራሱ መስሎት እጁን ያበላሻል።

ቀጥሎ ምላጭ። በውድድር ደንብ የ25 ሜትር ሽጉጥ ምላጭ ቢያንስ 1,000 ግራም መሳብ አለበት። ለተራ ልምምድ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ጥሩ ነው። ለመታጠቅ የተሠሩ ብዙ ሽጉጦች የመጀመሪያው ጥይታቸው 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ሽጉጡ ራሱ ከ1 ኪሎ ስለሚያንስ ጣት ሲስብ አፈሙዙም አብሮ ይሄዳል። ሻጩ ፊት መለካት ይቻላል፦ ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይት ማረፊያው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ተረጋግጦ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሆኖ፣ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ ምላጩ ላይ ይንጠልጠል። ያ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ሽጉጡ ቀስ ብሎ ከፍ ሲደረግ ምላጩ ወዲያው ከለቀቀ ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ጠርሙስም ካለቀቀ ከባድ ነው። ከክብደቱ ይልቅ ሻካራነቱ የከፋ ነው፤ እየያዘ እየለቀቀ የሚሄድ ምላጭ በልምምድ አይለመድም። ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አንዳንድ የ22 ሽጉጦች በባዶ ሲሳቡ መርፌያቸው የማረፊያውን ጠርዝ ይመታና ያጎድፋል፤ በባዶ መሳብ ይፈቀድ እንደሆነ ከመመሪያው ይነበብ።

ከታወቁት መካከል ሩገር በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው የማርክ ተከታታይ አለ። በዚያው አቆጣጠር በ2016 የወጣው ማርክ 4 አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይፈታል፤ የቀድሞዎቹ ግን ተፈተው ሲገጠሙ ብዙ ሰው ያስቸግራሉ፤ ማጽዳት ለሚወድ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ብራውኒንግ በክ ማርክ እና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪም ያንኑ ሥራ በደንብ ይሠራሉ። ዋልተር ፒ22 ለእጅ ትንሽና ቀላል ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን የመደበኛው አፈሙዝ ያጥራል። በዋጋ ዝቅተኞቹ ሩገር ራንግለርና ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር የሚባሉት ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨሮች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥይት መዶሻቸውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል፤ ጥይት አይያዝባቸውም፣ ነገር ግን የብዙዎቹ ማነጣጠሪያ ቋሚ ነው። ከሶቪየት ዘመን የቀረው ማርጎሊን ደግሞ በ22 ካሊበር ውድድር ስሙ የታወቀ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ሚካኢል ማርጎሊን ዓይነ ስውር ነበር። ያረጀ ማርጎሊን ቢገኝ ከርካሽ አዲስ ሽጉጥ ይልቃል ብሎ መናገር ይቻላል፣ መለዋወጫው ካልጎደለ።

ፈቃዱ ካልተገኘ፦ የአየር ሽጉጥ

በከተማ ቤት ለሚኖር ሰው ከሁሉም ይበልጥ የሚያዋጣው 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ሽጉጥ ነው። በ10 ሜትር ርቀት ይተኮሳል፣ የ10 ነጥብ ክቡ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በውድድር ምላጩ ቢያንስ 500 ግራም ይሁን ይላል ደንቡ። እጅ ራሱ በአንድ ግፊት አየር የሚጨምቅላቸው ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ሩሲያ የሠራችው ኢዥ-46ኤም፣ ካርቶሪጅም ጋዝም አይፈልጉም። የሚያስፈልገው ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያላት የእርሳስ ጥይት ነው፤ ወረቀት ላይ ክቡን ጥርት አድርጋ ስለምትቆርጥ ነጥብ ለመቁጠር ትመቻለች። የብረት ኳስ አይተኮስ፤ ከጠንካራ ነገር ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። ከወረቀቱ ኋላ ወፍራም ጣውላና ምንጣፍ ይደርደር፤ ማንም ከኋላ እንደማያልፍ ይረጋገጥ።

የ22 ግን ግቢ ውስጥ የሚተኮስ አይደለም። ያቺ ትንሽ እርሳስ ወደ ላይ ከተተኮሰች ወደ 2 ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ድንጋይ ከመታች ደግሞ ተንጸባርቃ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ትበራለች። ደረቁ የዴቻቱ ወንዝ ጭር ያለ ቢመስልም አሸዋው መሃል ድንጋይ አለ፣ ሰውና ከብት ይሻገርበታል፤ በከተማው ዙሪያ ያሉት ኮረብቶችም ድንጋያማ ናቸው። ከኋላ ድንጋይ የሌለበት ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ያለው የተፈቀደ ሜዳ ካልሆነ በስተቀር ቦታ አይባልም።

ምን ይበላሻል?

አብዛኛው ችግር ከካዝና ይጀምራል። የ22 ጥይት ጠርዝ ከአካሉ ሰፋ ስለሚል፣ ሲሞላ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መሆን አለበት። ኋላ ከሆነ አንዱ በሌላው ይያዛል፣ ሽፋኑም ጥይቱን መግፋት ያቅተዋል። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ሳይወጣ በሽፋኑ መሃል ቆሞ ከቀረ የቀለህ ማውጫ ጥፍሩ ቆሽሿል፣ ወይም ጥይቱ ደካማ ነው፣ ወይም ተኳሹ እጁን አላጠነከረም።

ምላጭ ተስቦ ካልፈነዳ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ቀለሁ ይውጣ፤ የመርፌው ምት በጠርዙ ላይ ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፣ ፈዛዛ ከሆነ የመርፌው ወይም የቆሸሸ ማረፊያ። ድምፁ ከወትሮው አንሶ «ጵፍ» ካለ ደግሞ ተኩስ ወዲያው ይቁም፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ጥይት አፈሙዙን ይሰነጥቃል። ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይት ማረፊያውም ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ብርሃን በአፈሙዙ ይታይ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ይቃረባል። ለ25 ሜትር ተኩስ የከፍታው ልዩነት የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ሙቀቱና አቧራው ግን ያመጣሉ። የ22 እርሳስ ብዙ ጊዜ ብረት አልለበሰም፤ በስስ ሰም ወይም በቅባት ተቀብቷል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የቆየ ካርቶን ሰሙ ይለሰልስና የአሸዋ ብናኝ ይይዛል፤ ያ ብናኝ አፈሙዝ ውስጥ ይገባል። ጥይት ቤት ውስጥ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከሽጉጡ ተለይቶ በቁልፍ ይቀመጥ። ሽጉጡም በአቧራ አገር ዘይት ሲበዛበት ዱቄት የነካ ሊጥ ይሆናል፤ በጨርቅ ተወልውሎ ስስ ፊልም ብቻ መቅረት አለበት። ከ200 እስከ 300 ጥይት ካለፈ በኋላ ማረፊያውና ጥፍሩ ይጽዱ፤ አፈሙዙ ከተቻለ ከኋላ በኩል ይጸዳ፣ ምክንያቱም የማጽጃው በትር የፊቱን ጫፍ ከሻከረው ትክክለኛነቱ ይጠፋል።

በአንድ ዓይነት ጥይት መቆየትም ይጠቅማል። ፍጥነቱ የተለያየ ጥይት በ25 ሜትር ላይ ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ያዛባል፤ ማነጣጠሪያ በአንዱ ተስተካክሎ በሌላው መተኮስ ትርጉም የለውም። መደበኛ ፍጥነት የተባለው ለወረቀት ይበቃል፣ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ይጮሃል እንጂ ነጥብ አይጨምርም። ሆኖም አንዳንድ አውቶማቲኮች በደካማው ሲጠቀሙ ይያዛሉ፤ ሽጉጡ የሚወደውን ለማወቅ ከሦስት ዓይነት 50፣ 50 ጥይት ከድጋፍ ላይ ይተኮስና የቱ ቀዳዳዎቹን አቀራርቦ እንደመታ፣ የቱ እንደተያዘ ይመዝገብ።

የጆሮ መከላከያና መነጽር ከሽጉጡ ጋር አብረው ይገዙ፤ 22 ትንሽ ቢመስልም ጆሮ ይጎዳል። ከተኩስ በኋላ እጅና ፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ እርሳሱና ማቀጣጠያው የሚተዉት ብናኝ መርዛም ስለሆነ ሜዳው ላይ እያሉ መብላትና ጫት መቃም አይገባም፣ የተለበሰውም ልብስ ከሕፃናት ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።