ዓባይ በረሃን ለሚመላለስ ፒክአፕ ጎማና ቸርኬ ስንመርጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ቢቸና ውስጥ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ትንሽ ቁሙ። ጎማ ሊቀይር የመጣ ሰው መካሪ አያጣም። ምክሩ ከቅንነት ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ግን መኪናው ተጭኖ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«ጎማው ሲተልቅ ጭነት ይችላል»

ጭነቱን የሚናገረው ትልቅነቱ ሳይሆን ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። 265/65 አር 17 112 የሚል ጎማ እንውሰድ። 265 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ግን የመጨረሻው 112 ነው። ይህ የጭነት ኮድ ነው፤ አንዱ ጎማ እስከ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 121 ቢሆን 1450 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ለአንድ ጎማ ከሦስት ኩንታል ጤፍ በላይ ነው።

ይህም ሆኖ ጠንካራ ጎማ መኪናውን አያጠነክረውም። ባሌስትራው፣ አክሰሉና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው። ሊብሬው ላይ ያለው የጭነት ልክ በጎማ አይጨምርም።

«አስር ፕላይ ማለት አስር የክር ድርብ ነው»

ጎማ በጥጥ ክር በሚሠራበት ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ስም ብቻ ነው።

«20 ኢንች ቸርኬ ያምራል፣ ሌላው ያው ነው»

ያው አይደለም። 265/50 አር 20 እና 265/65 አር 17 ጎን ለጎን ቢቆሙ ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። የጎናቸው ከፍታ ግን 13 እና 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ያቺ አራት ሴንቲሜትር ናት ድንጋይና ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን የምታድነው። ጠጠር መንገድ ለሚሄድና ጭነት ለሚጭን ሰው 16 ወይም 17 ይበቃል። እኔ እንደዚያ ነው የምመክረው።

«ብሎኑ ከገባ አለቀ»

የቶዮታ ሃይሉክስ ቸርኬ ሚትሱቢሺ ኤል200 ላይ በብሎን ይገባል። ሁለቱም ባለ 6 ናቸው። የሃይሉክሱ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ ግን 106 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቸርኬው የሚሰካበት የኤል200ው እምብርት ደግሞ 67 ገደማ። ቀዳዳው ከእምብርቱ ስለሚሰፋ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚይዙት ብሎኖቹ ብቻ ይሆናሉ። በትክክል ካልተቀመጠ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬም እንዲሁ ነው። ለዓይን ደስ ይላል፣ ኩሽኔታ ግን ይበላል።

«ከፍ ያለ ጎማ ዳገት ያወጣል»

ከ265/65 ወደ 285/70 ብትሄዱ በ17 ቸርኬ መኪናው ከመሬት የሚነሳው ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። የሚከፈልበት ግን ብዙ ነው። ጎማው በአንድ ዙር 7 በመቶ የበለጠ ይጓዛል፣ ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ከ1000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ትወጡት የነበረውን ሁለተኛ ማርሽ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል። ቆጣሪው 80 ሲል እናንተ በ85 ገደማ እየሄዳችሁ ነው።

«ጎማው ላይ የተጻፈውን ነፋስ ሙላ፣ ሲሞቅ አስተንፍስ»

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጎማው ላይ የተጻፈው ጣሪያው ነው። ለመኪናችሁ የሚስማማው ነፋስ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ነው። ለባዶና ለጭነት ለየብቻ የሚጽፍም አለ።

አንድ ጊዜ ጭኜ ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ድልድዩ አጠገብ ቆምኩ። ጎማውን በእጄ ስነካው ይፋጃል። ሰው «አስተንፍሰው፣ ይፈነዳል» አለኝ፤ አስተነፈስኩ። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ጎማው በርዶ ሲለካ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። ይህን ልማድ አድርጌው ስለነበር ጎማዎቹ መሃላቸው ሳይነካ ግራና ቀኝ ዳራቸው ቀድሞ አለቀ። ነፋስ ሲሞቅ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፣ ጎማውም ለዚያ ተሠርቷል። ስታስተነፍሱት ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል። የሚፈነዳው እንዲያ ነው። ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው።

«ስኮርታው ትንሽ ቢሆንም ችግር የለውም»

እስከ ጎሚስታው ለመድረስ በዝግታ ይሁን። ትንሹ ስኮርታ ከሌሎቹ ጎማዎች ጋር እኩል ስለማይዞር ግን ፎር ዊል አስገብታችሁ በደረቅ አስፋልት መንዳት ማርሹን ይጎዳል።

«ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አዲስ ነው»

ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ገደማ። 19ኙን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ጎማው ከትክክለኛ ዕድሜው በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያነሰ ይመስለዋል። ጎማ ደግሞ ተቀምጦም ያረጃል። ጎንበስ ብላችሁ ጎኑን በጣታችሁ ዳብሱት። ስንጥቅጥቅ ካለ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትግዙት።