የቤት ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ምን ማለት ነው?

በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ደጋግመው ይጠይቃሉ፦ «በዕረፍት ቀኔ ከቤት እንዳልወጣ ተከልክያለሁ፤ ይህ ዕረፍት ይባላል?»

አይባልም። በ2011 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ሳምንታዊ ዕረፍት ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲሆን ይደነግጋል። ሠራተኛዋ በዚያ ጊዜ አሠሪዋ ቤት የመቆየት ግዴታ የለባትም።

ለምሳሌ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ሥራ ያቆመች ሴት እስከ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ጊዜው የራሷ ነው። እሑድ ጠዋት «ቁርስ ብቻ ሥሪልን» ከተባለች ዕረፍቷ ተቆርጧል፤ «ትንሽ ሥራ ናት» ተብሎ መታለፉ ያንገበግበኛል።

ስምምነቱ የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው። በዕረፍት ቀን ለተሠራ ሥራ የሚሰጠው ካሳም እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የዕረፍት ቀንሽ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፉን አረጋግጪ።