የቀለሃ ማኅተም ምንድን ነው?

አንድ የክላሽ ጥይት ገልብጠው መቀመጫውን ቢያዩ፣ መሐል ላይ መርፌ የሚመታው ክብ ካፕሱል፣ በዙሪያው ደግሞ በብረቱ ላይ የታተሙ ጥቃቅን ቁጥሮች ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። የቀለሃ ማኅተም የሚባለው ይህ ነው፤ ጥይቱ የትኛው ፋብሪካ ውስጥ፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ የሚናገር የልደት ወረቀት።

ወሎ ውስጥ ስለ ጥይት ሲወራ ይህን ወረቀት የሚያነብ ጥቂት ነው። ከላስታ እስከ ደላንታ፣ ከወልድያ እስከ ቆቦ ወሬው «የራሺያ ነው»፣ «የቻይና ነው» በሚል ያልቃል። ማስረጃው የቀለሃው ቀለምና የባለቤቱ መሐላ ነው።

ንባቡ ግን ከባድ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ዘመን የጥይት ፋብሪካዎች በማኅተሙ ላይ የሚታወቁት በቁጥር ነበር፦ 17 ባርናውል፣ 539 ቱላ፣ 60 ደግሞ ያኔ ፍሩንዜ ትባል የነበረችው የዛሬዋ የኪርጊስታን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ናት። ከሥር ያለው ባለሁለት አሃዝ ዓመቱ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው በቀላሉ ይታለላል። 75 የሚለውን አይቶ 1975 ዓ.ም. ነው ይላል። ቁጥሩ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ 1967 ወይም 1968 ነው፤ ስምንት ዓመት ገደማ ያረጀ ዕቃ እንደ ወጣት ተቆጠረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1956 የተሠሩት የሶቪየት ጥይቶች ደግሞ ዓመታቸው በፊደል ስለተጻፈ ቁጥር ቢፈለግባቸው አይገኝም። በአንዳንድ የግብፅ ጥይት ላይ አሃዙ ዐረብኛ ነው። ምንም ያልታተመበትም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ሠሪው አገር ምንጩ እንዳይታወቅበት ሆን ብሎ ባዶ ይተወዋል።

«የራሺያ» የሚለው ቃል ብዙም የማያስረዳው ለዚህ ነው። ባለ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትሩ የክላሽ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1943 የተነደፈው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ቻይናን ጨምሮ ብዙ አገሮች ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለደርግ የጎረፈው የሶቪየት መሣሪያ ስሙን በአገራችን ተከለው እንጂ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው ሁሉ ከዚያ የመጣ አይደለም።

ለነገሩ ጥይትና ወሎ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. እዚያው ወሎ ውስጥ ከተፈረመ በኋላ በትርጉሙ ላይ ክርክሩ ሲከር፣ ጣሊያን አፄ ምኒልክን ለማባበል ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተረከቡ፤ በ1885 ውሉን አፈረሱት። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር።

ወደ ጥራቱ ስንመጣ የማኅተሙ አቅም ያልቃል። የት እንደተሠራ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደከረመ አይናገርም። በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጥይት ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ በደጋ ጭጋግ የራሰ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የከረመ ወይም በቆቦ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የበሰለ ግን ሌላ ነው። ባሩዱ ይበላሻል፣ ካፕሱሉ እርጥበት ይጠጣል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ከመክሸፉ ይልቅ የሚያስፈራው ግማሽ መተኮሱ ነው፦ ድምፁ ደከም ብሎ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ተከታዩ ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

ቀለም ሲያሳስት ደግሞ እንዲህ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለሃ ሲያዩ «ርካሽ ነው» የሚሉ አሉ፤ ያ ቀለም የብረት ቀለሃ እንዳይዝግ የተቀባ ቫርኒሽ ነው፤ ከናሱ በዋጋ እንጂ በሥራ ብዙ አይርቅም። የጥይቱ ጫፍ መዳብ መስሎ ማግኔት ከሳበው አትገረሙ፤ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተለበጠ ብረት ነው። ስለዚህ ማግኔት ብቻውን ውስጡ የብረት እምብርት ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ጫፉ ላይ አረንጓዴ የተቀባው የሶቪየት ጥይት እየበራ የሚሄደው ሲሆን፣ አሜሪካኖች ኤም 855 የሚሉት ጥይታቸው አረንጓዴ ጫፍ ግን አይበራም፤ ውስጡ የብረት ጫፍ አለው ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው የወታደር ጥይት ለሲቪል በሱቅ ይሸጣል። ሚዙሪ የሚገኘው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ ምርት የስሙን ሁለት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት (LC) ያትማል፤ በክብ ውስጥ መስቀል ካለበት የኔቶን መለኪያ ያሟላ ነው። እዚያም ቢሆን የብረት እምብርት ያለው የክላሽ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳይገባ ታግዷል። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝም መነገድም ወንጀል ነው።

ቀለሃው ላይ የማይታተም አንድ ነገር አለ፦ የምርት ተራ ቁጥሩ፣ ማለትም ጥይቱ ከየትኛው የምርት ዙር እንደወጣ የሚለየው ቁጥር። እሱ የሚጻፈው በካርቶኑና በሣጥኑ ላይ ነው። የአንድ ፋብሪካ የአንድ ዓመት ምርት በሚሊዮን ስለሚቆጠር፣ ጥይት ከካርቶኑ ወጥቶ በዝናር ከተበተነ በኋላ «17» እና «75» የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻቸውን ከየትኛው የምርት ዙር እንደሆነ አያሳዩም። ምንጭ የሚያጣሩ መርማሪዎች ከቀለሃው በላይ የተጣለውን ካርቶን የሚፈልጉት ለዚህ ነው።