አልጌ ዝቃጭ አይበላም

ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውሃው ተለይቶ ሲወጣ ከታች የሚቀረው ጥቁር ጭቃ ዝቃጭ ይባላል። ይህን ዝቃጭ በአልጌ (ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያልነው) ማከም ይቻላል ሲባል፣ አብሮ የሚወራው ስህተትም ብዙ ነው።

«አልጌው ዝቃጩን ይበላዋል።» አይበላም። በላተኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያወጣል፣ ባክቴሪያዎቹ ይተነፍሱበታል። እነሱ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ እሱ ይወስዳል፤ ናይትሮጅንና ፎስፎረሱንም ጭምር። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌ፣ ተመራማሪው ዊልያም ኦስዋልድ ይህን ሽርክና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንቶታል። ትርፉ መብራት ላይ ነው፦ በተለመደው ማጣሪያ ለባክቴሪያዎቹ አየር የሚነፉት ማሽኖች ብቻ የጣቢያውን የመብራት ፍጆታ ግማሽ ያህል ይወስዳሉ።

«እንግዲያው ዝቃጩን አልጌው የሚያድግበት ኩሬ ውስጥ መድፋት ነዋ!» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ጭቃ ብርሃን አያሳልፍም፤ ያለ ብርሃን ደግሞ አልጌው አይሠራም። ኩሬዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት የሚኖራቸውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዝቃጩ መጀመሪያ አየር በማይገባው ታንከር ውስጥ ይብላላል፤ ባዮጋዝ ይወጣዋል። ከተብላላው ተጨምቆ የሚገኘው ፈሳሽ በአሞኒየም (ናይትሮጅን ባለበት ውህድ) የተሞላ ነው፤ ለአልጌው የሚሰጠው እሱ ነው፣ ያውም ተበርዞ። ካልተበረዘ ጉድ ይፈላል። አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየጨረሰ ሲሄድ ውሃው ወደ አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላል፤ ያኔ አሞኒየሙ ወደ አሞኒያ ይለወጥና አልጌውን ይመርዘዋል። በገዛ እጁ ማለት ነው።

«አልጌና እምቦጭ ያው ናቸው።» አይደሉም። እምቦጭ ሥርና ቅጠል ያለው ተክል ነው። እዚህ የምናወራው በዓይን ስለማይታይ ፍጥረት ነው።

«ስፒሩሊና የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይበላ የለ? ይሄም ይበላል።» ስፒሩሊና ለምግብ የሚለማው በንጹህ ውሃ ነው። ከፍሳሽ የበቀለው ግን ከባድ ብረቶችንና ጀርሞችን ሊይዝ ስለሚችል ማዕድ ላይ አይቀርብም። በስፔኗ ቺክላና ዴ ላ ፍሮንቴራ በፍሳሽ ያደገውን አልጌ ወደ ባዮጋዝ ቀይረው መኪና ነድተውበታል። እኔን ብትጠይቁኝ ቦታው እዚያ ነው።

«ነፃ ነው፣ ፀሐይ አይከፈልባት።» ፀሐይዋስ ነፃ ናት። ወጪው አልጌውን ከውሃው መለየቱ ላይ ነው። በአንድ ሊትር የኩሬ ውሃ ውስጥ ያለው ደረቅ አልጌ ብዙ ጊዜ 1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ደቃቅ ስለሆነ በጨርቅ አጥልለው አይይዙትም። ኩሬው ጥልቀት ስለሌለው ሰፊ መሬትም ይፈልጋል። ከተማ መሃል መሬት ስንት እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ።