ጌም ኪይ ምንድን ነው? «ኪይ ያው ኪይ ነው» ለሚሉ

«ከየትም ግዛው፣ ኪይ ያው ኪይ ነው፤ ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ ሠሪው ጋ ይደርሳል።» የፒሲ ጌም ዋጋ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። አባባሉ ሁለት ስህተት አለበት። ኪይ ሁሉ አንድ አይደለም። ገንዘቡም ሁልጊዜ ሠሪው ጋ አይደርስም፤ እንዲያውም ከሠሪው ኪስ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ከሠሪው በቀጥታ መግዛት፣ ሠሪው ከፈቀደለት መደብር መግዛት እና ማንም ኪይ ከሚቸረችርበት ገበያ መግዛት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ከረጢት መክተት ሠሪዎችንም ገዢዎችንም እየጎዳ ነው።

ኪይ ራሱ ጌሙ አይደለም። የስቲም፣ ማለትም ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው የፒሲ ጌም መደብር፣ ኪይ ብዙውን ጊዜ በሰረዝ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ 15 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ነው። አንድ አካውንት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። ከገባ በኋላ ኮዱ ዋጋ የለውም፤ የሚቀረው አካውንታችሁ ላይ የተመዘገበው ፈቃድ ነው።

እንደ ቼክ አስቡት። ቼኩን የሚጽፈው ጌም ሠሪው ወይም አሳታሚው ነው፤ የሚመነዝረው ባንክ ስቲም ነው። ቼክ መያዝ ገንዘብ መያዝ አይደለም፤ ባንኩ ሲቀበለው ነው ገንዘብ የሚሆነው። አንድ ቼክ ለሁለት ሰው ከተሸጠ ቀድሞ የደረሰው ይመነዝራል፣ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጸሐፊው ቼኩ እንደተሰረቀበት ሲያውቅ ደግሞ ክፍያውን ያሳግዳል። ንጽጽሩ የማይሠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ችግሩ ሁሉ የሚፈልቀውም ከዚያው ነው። ቼክ ስንቅ ይፈልጋል፣ ኪይ ግን ስንቅ አይፈልግም። ቫልቭ ለሠሪዎች የስቲም ኪይ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሠሪው ያንን ኪይ በራሱ ድረ ገጽ ወይም በሌላ መደብር ሲሸጠው ቫልቭ ከሽያጩ ድርሻ አይወስድም። በምትኩ የሚጠይቀው በስቲም የሚገዙ ደንበኞች ከሌላው የባሰ ዋጋ እንዳይቀርብላቸው ነው፤ የተጠየቀው ኪይ ከልክ በላይ ሲበዛም ሊከለክል ይችላል። ኪይ በነጻ ስለሚታተም ለጋዜጠኛ፣ ለቪዲዮ ሠሪ፣ ለሽልማት በየአቅጣጫው ይበተናል። ከተበተነው ውስጥ ማን የትኛውን መልሶ እንደሸጠ ገዢው በዓይን አይቶ ሊለይ አይችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 20 ዶላር የሚሸጥ ጌም እንውሰድ። ስቲም ላይ ሲገዛ መደበኛው የስቲም ድርሻ 30 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ታክስና ተመላሽ ሳይቆጠር ለሠሪው 14 ዶላር ይቀራል። (እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ጌም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ድርሻው 25 በመቶ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ይሆናል። ትንንሽ ሠሪዎች ግን እዚህ ጣሪያ አይደርሱም።) ሌላው የጌም መደብር ኢፒክ ሲከፈት ይዞት የመጣው ድርሻ 12 በመቶ ነው። ኢች በተባለው የጌም መደብር ላይ ድርሻውን የሚወስነው ሠሪው ራሱ ነው፤ ካልነካው 10 በመቶ ነው፣ ዜሮም ማድረግ ይችላል። ሠሪው በራሱ ድረ ገጽ ሲሸጥ የሚቀነሰው በአብዛኛው የክፍያ አስተናጋጁ ኮሚሽን ነው። የተፈቀደለት መደብር ደግሞ በውል የተስማሙበትን ድርሻ ይወስዳል፤ ይህ ከስቲም ያነሰ ይሁን የበለጠ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «ከስቲም ውጭ ከገዛሁ ሠሪውን የበለጠ ረዳሁ» ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም።

ኪይ በሚቸረቸርበት ገበያ ሂሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ኪይ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም፤ ከጥቅል ሽያጭ የተረፈም፣ ዋጋው ዝቅ ካለበት አገር የተገዛም አለ። በዚህኛው ሠሪው ቢያንስ አንዴ ተከፍሎታል። በሐሰት ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ ለምኖ ከተወሰደ ኪይ ግን ሠሪው ምንም አያገኝም። በተሰረቀ ካርድ ከሠሪው ድረ ገጽ ከተገዛ ጉዳቱ ይብሳል፤ የካርዱ ባለቤት ባንኩ ጋ ያመለክታል፣ 20 ዶላሩ ተመልሶ ይወሰዳል፣ በላዩ ላይ ሠሪው የቻርጅባክ (ገንዘቡ በባንክ በኩል ተመልሶ ሲወሰድ የሚጣል) ቅጣት ይከፍላል። ኪዩ ግን በዚያን ጊዜ ተሸጦ አካውንት ውስጥ ገብቷል።

ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። የፋክቶሪዮ ሠሪ የሆነው ዉቤ ሶፍትዌር በተሰረቁ ካርዶች የተገዙበትን ኪዮች ዝርዝር ኪይ ለሚቸረቸርበት ገበያ ለጂቱኤ አቅርቦ ነበር፤ ከነዚህ 198ቱ በጂቱኤ ገበያ ላይ እንደተሸጡ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጂቱኤ 39,600 ዶላር ከፈለ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ኪይ 200 ዶላር፣ ቀድሞ ቃል በገባው መሠረት የቻርጅባክ ወጪው 10 እጥፍ ነው። ገዢውም ከጉዳት አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት በተሰረቁ ካርዶች የተገዙ የፋር ክራይ 4 ኪዮችን ሲሰርዝ ጌሙ የጠፋው በቅን ልቦና ከገዙት ሰዎች አካውንት ነው።

እንግዲህ የተፈቀደለት መደብርና ኪይ የሚቸረቸርበት ገበያ የሚለዩት በዚህ ነው። የተፈቀደለት መደብር ኪዩን ከአሳታሚው በውል ያገኛል፤ ሻጩም መደብሩ ራሱ ነው። በገበያው ላይ ግን ከዋጋው አጠገብ የሌላ ሰው የሻጭ ስምና ደረጃ ይታያል፤ ለአንድ ጌምም ብዙ ሻጮች ተደርድረዋል። ያንን ካያችሁ፣ ድረ ገጹ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የምትገዙት ከማታውቁት ግለሰብ ነው። ከተጠራጠራችሁ ከሠሪው ይፋ ድረ ገጽ ተነሱና «ግዛ» የሚለው አገናኝ ወዴት እንደሚወስድ ተመልከቱ። ከፍለጋ ውጤት ተነስታችሁ ወደ ሠሪው መሄድ የተገላቢጦሽ ነው።

«ከሠሪው በቀጥታ ከገዛሁ ጌሙ የራሴ ነው» የሚለውም መታረም አለበት። በቀጥታ መግዛት ገንዘቡ ማን ጋ እንደሚሄድ ይነግራል እንጂ ፈቃዱ የት እንደሚኖር አይነግርም። ዘ ክሩ የተባለውን ጌም ከዩቢሶፍት ከራሱ የገዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ተዘጋ፣ ጌሙም ከአካውንታቸው ላይ ተነሳ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የዲጂታል መደብሮች «ግዛ» ሲሉ የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ገዢው አውርዶ ለዘለቄታው ያለ ኢንተርኔት ሊያስቀምጠው የሚችለው ፋይል ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። ሕጉ መስመሩን ያሰመረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ይመስለኛል፤ ዋናው ጥያቄ መጫኛው ፋይል እጃችሁ ላይ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ጎግ በተባለው መደብር ላይ፣ ኢች ላይ እና በአንዳንድ ሠሪዎች ድረ ገጽ የምታገኙት ይህንን ፋይል ነው። ፋክቶሪዮን ከሠሪው ድረ ገጽ የገዛ ሰው ያለ ዲአርኤም (ያለ ቅጂ መከላከያ ቁልፍ) የሚወርደውን ፋይልም የስቲም ኪዩንም ያገኛል። ፋይል ሲሆን ግን ጥበቃው የእናንተ ሥራ ነው። የጎግ ትላልቅ ጌሞች አንድ የሴትአፕ ፋይልና እያንዳንዳቸው እስከ 4 ጊጋባይት የሚደርሱ የቢን ፋይሎች ሆነው ይወርዳሉ። ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ወይም አውርዱ መሃል ላይ ተቋርጦ ከተበላሸ መጫኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ከመገልበጣችሁ በፊት ኢንተርኔት አጥፍታችሁ አንዴ ጫኑትና ሞክሩት። አዲስ እትም ሲወጣም ራሱን አያድስም፤ እናንተ ናችሁ የምታወርዱት። ብዙ ተጫዋች የሚጫወትበት ክፍል ደግሞ ዲአርኤም ባይኖርም የመደብሩን ፕሮግራም ሊጠይቅ ይችላል።

ከሠሪዎች በኩል የሚነሳ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2016 ጀምሮ በኪይ የገባ ጌም ላይ የሚጻፍ የስቲም አስተያየት በውጤት መቶኛው ውስጥ አይቆጠርም። አስተያየቱ ይታያል፣ ነጥቡን ግን አያንቀሳቅስም። ገና ለወጣ ጌም ይህ ከባድ ነው፤ አዲስ ሠሪን መርዳት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ስቲም ላይ ገዝቶ አስተያየት ቢጽፍለት ከጥቂት ዶላር ልዩነት የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ሠሪው የትኛውን እንደሚመርጥ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጽፋል፤ አንብቡለት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ኪዩ የሚገባው በየትኛው ፕላትፎርም ነው፣ በየትኞቹ አገሮች ይሠራል፣ ኪዩ ከተገለጠ በኋላ ገንዘብ ይመለሳል ወይ። የስቲም የ14 ቀንና ከ2 ሰዓት በታች የመጫወት ተመላሽ ስቲም ላይ ለተገዛ ጌም እንጂ ከውጭ ለመጣ ኪይ አይሠራም።

ኪዩን በእጅ አትጻፉት፣ ገልብጣችሁ ለጥፉት፤ ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ስቲም ለተወሰነ ጊዜ ሙከራችሁን ያግዳል። ጌሙ ቀድሞ አካውንታችሁ ላይ ካለና ስቲም ያንን ከነገራችሁ ኪዩ አልባከነም፣ ለሌላ ሰው መስጠት ትችላላችሁ። ኪዩ ቀድሞ በሌላ አካውንት ተጠቅመውበታል ካለ ግን መልእክቱን ስክሪን ላይ እንዳለ አንሱና ከግዢው ደረሰኝ ጋር ለሻጩ ላኩ። ሻጩ ዝም ካለ ለሠሪው ጻፉ። ሠሪው ኪዩን በስቲም የሠሪዎች ገጽ ውስጥ አስገብቶ መቼ እንደገባና ከየትኛው ጥቅል እንደወጣ ማየት ይችላል። ጥቅሉ ለዚያ መደብር የተሰጠ ከሆነ መደብሩን ይጠይቅላችኋል፤ ለጋዜጠኞች የተሰጠ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን የያዘው ሌላ ሰው ነውና ሠሪው ሊመልስላችሁ አይችልም።